ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ ስልኩ ግን አይነሳም

መጀመሪያ የሄድኩት ለአበሉ ነው። ምን ያስዋሸኛል። የቀበሌዋ ልጅ መጥታ «ቁርጥራጭ ብረት የምትገዙ በሙሉ ሐሙስና ዓርብ ሥልጠና አላችሁ» ስትለን ከሁላችንም አፍ የወጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ አበል አለው? የትራንስፖርት አለው አለች። ስለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ስለ ግብር መስሎን ለመቅረት ስንዶልት ነው ስለ ፈንጂ መሆኑን የሰማነው። ሳቅን። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ምን ፈንጂ አለ?

አሁን ይኸው ሥልጠናውን እንደ ማንኛውም ዕቃ ልገመግመው ተቀምጫለሁ። ከዚህ በፊት ስለ ዲጂታል ሚዛንና ስለ ብየዳ ማሽን ጽፌ ሰው ተጠቅሞበታል። (ሚዛኑን ገዝታችሁ ባትሪው ያልሞተባችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።) ይኼኛው በነጻ ነው የተሰጠን። በነጻ ይሁን እንጂ የሆነ ሰው ከፍሎበታል፤ የከፈለው የውጭ አገር መንግሥት ነው፣ ባንዲራው ከመድረኩ ጀርባ የሰው ቁመት አክሎ ተሰቅሎ ነበር። የትኛው አገር እንደሆነ አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

እኔ የምሠራው አባይ ማዶ ነው። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ የማይጮህ ውሻ። ቆራሌዎቹ ጠዋት ሰፈር ለሰፈር ሲጮሁ ይውሉና ከሰዓት በኋላ ጆንያቸውን ተሸክመው ይመጡልኛል። የተቀደደ ድስት፣ ራዲያተር፣ የአልጋ ብረት፣ የባጃጅ ቸርኬ፣ የወላለቀ የጀልባ ሞተር። ናስ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ናስ ዋጋ አለው። ናሱ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እናውቃለን። አንዳንዱ የቧንቧ ራስ ነው፣ አንዳንዱ ቀለሃ ነው።

ቀለሃ ለእኛ ብርቅ አይደለም። እኔ ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው፤ የትምህርት ቤታችን ደወል ዋርካ ላይ የተንጠለጠለ የመድፍ ቀለሃ ነበር። ዘበኛው በድንጋይ ሲመታው ድምፁ ውኃው ላይ ይሄድና ታንኳ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ዞር ብለው ያዩ ነበር። ከየት መጣ፣ የማን መድፍ ነው፣ ብሎ የጠየቀ ልጅ ትዝ አይለኝም። በእኛ ዘንድ የጦር ዕቃ ማለት ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ወይ ደወል ይሆናል፣ ወይ ማረሻ ይሆናል፣ ወይ ይሸጣል። ይህን የምነግራችሁ ሥልጠናው ላይ ስንስቅ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበርን እንድታውቁት ነው።

ወደ ግምገማው ልግባ። አዳራሹ ሞቃት ነበር፣ ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ ሻይና ዳቦው በሰዓቱ መጥቷል። በዚህ አልከስም። አሠልጣኞቹ ሁለት ናቸው፣ አንዲት ልጅ ስላይድ ይዛ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ደግሞ ምንም ሳይዝ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ስላይዱ ግን ያስተኛል። «ባለድርሻ አካላት»፣ «የተቀናጀ ምላሽ»፣ «የግንዛቤ ማስጨበጫ»። ከጎኔ የተቀመጠው የራዲያተር ነጋዴ በሦስተኛው ስላይድ አንኮራፋ። ፎቶዎቹ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ አንዱ ላይ ገበሬው ሾጣጣ የሣር ባርኔጣ አድርጎ የሩዝ ማሳ ውስጥ ቆሟል። ፎገራ እኮ ሩዝ አለን፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ግን እንደዚያ ዓይነት ባርኔጣ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። የሦስት ሰዓት መንገድ የማይፈጅ ቦታ ሄዶ አንድ የእኛን ገበሬ ፎቶ ማንሳት ምን ያህል ያስወጣል?

ሰውዬው ሲነሳ ግን አዳራሹ ዝም አለ። የራዲያተሩ ነጋዴም ነቃ።

ድሮ ፈንጂ አምካኝ ነበር። ከባድመው ጦርነት በኋላ ድንበሩ አካባቢ ሠርቷል። እ.ኤ.አ በ2001 መንግሥት የፈንጂ ማጽጃ መሥሪያ ቤት ካቋቋመ በኋላ ከሠለጠኑት አንዱ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አሳየን። አንድ ሜትር ስፋት ያላት መስመር ይሰጡሃል አለ፣ ከሷ አትወጣም። ብረት ፈላጊውን ቀስ ብለህ ታወዛውዛለህ። ሲጮህ ታስቀምጠዋለህ፣ ትተኛለህ፣ በቀጭን ብረት መሬቱን ከጎን እያጋደልክ ትጎረጉራለህ፣ ከላይ መጫን የለም። ያጸዳኸውን በነጭ ድንጋይ፣ ያላጸዳኸውን በቀይ ድንጋይ ታጥራለህ። ፊትህ ላይ መከለያ፣ ደረትህ ላይ ከባድ ሽርጥ፣ ፀሐዩ ከላይ። ከዚያ አፈሩን በጣትህ ገለጥ ስታደርግ ሚስማር።

«ሚስማር?» አልን።

«ሚስማር፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የጥይት ቀለሃ። አብዛኛውን ቀን የምታወጣው እሱን ነው።»

ይኼኔ ከኋላ አንድ የእኛ ሰው እጁን አውጥቶ «ሚስማሩን የት ነው የምትጥሉት?» አለ። በሙሉ ልቡ ነው የጠየቀው። ኪሎውን እያሰበ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተሰነጠቀ፣ ሰውዬውም ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥልጠናው ሌላ ሥልጠና ሆነ፤ ለማን እየተናገረ እንደሆነ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ስላይዱ ተዘጋ። ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠሩ የፈንጂና የቦምብ ሞዴሎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ኑና አንሱ» አለን። መጀመሪያ የተቀበሩትን አሳየን፦ ጥቁር የላስቲክ ክዳን ያለው ክብ ነገር፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ተለቅ ሲል የሚመስል፤ ሩስያ ሠራሽ ነው፣ ፒኤምኤን ይባላል፣ እኛም አገር በሰፊው ተቀብሯል። «ይኼ ግን ወደናንተ አይመጣም» አለ። «ይኼ ያገኘውን ሰው እዚያው ነው የሚያስቀረው። ወደናንተ የሚመጣው ይኼኛው ነው።» ባለ ክንፉን አነሳ። የሞርታር ቦምብ ነው። ከጎኑ የእጅ ቦምብ፣ ከጎኑ እንደ ትልቅ ብሎን የምትመስል ፊውዝ፣ ቦምቡን የምታስፈነዳው ጫፍ። ይህችን ፊውዝ ስናይ ሁለት ሦስት ሰዎች ተያየን። ማን እንደሆንን አልናገርም።

ካስተማረን ውስጥ እኔን የያዘኝ ዝገት ነው። እኛ ዘንድ የዛገ የሞተ ነው። ሰውዬው ግን ዝገቱ የሚበላው ውጪውን ነው፣ ውስጡ ያለው ነገር ግን ዓመት አይቆጥርም፣ እንዲያውም ማቀፊያው ሲላላ የሚመጣበት አይታወቅም አለ። «ሳይፈነዳ የቀረው ተበላሽቶ ነው» የምንለውንም አፈረሰው። ተተኩሶ ያልፈነዳ ማለት ሥራውን የጀመረና ያልጨረሰ ማለት ነው፤ መዶሻ፣ እሳት፣ ከጆንያ መዘርገፍ፣ የትኛውም ሊያስጨርሰው ይችላል። እኛ ደግሞ ሙሉ ቀን የምንሠራው ይህንኑ ነው። መዶሻ፣ እሳት፣ መዘርገፍ።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ተሸለምን። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ኮፍያ፣ ስቲከር። ኮፍያው በአንድ አጠባ ቀለሙን ለቆ የልጄን ሸሚዝ አበላሽቷል፣ ተጠንቀቁ። ስቲከሩ ሚዛኔ ላይ ተለጥፏል። ከላይ ባንዲራ፣ መሐል ላይ «አትቅረብ፣ አትንካ፣ አሳውቅ»፣ ከታች ስልክ ቁጥር። ባንዲራው ከስልክ ቁጥሩ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ያኔ ይህን ልብ አላልኩትም፣ በኋላ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ገንዘቡ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንዲህ ያለ አመል አለብኝ። ይኼ ነገር ቀላል ገንዘብ አይደለም ለካ። እ.ኤ.አ በ2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው) ለፈንጂ ሥራ በዓለም ዙሪያ የወጣው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ከተቀባዮቹ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው ዩክሬን ናት። ከሰጪዎቹ ቀዳሚዋ አሜሪካ ነበረች፤ ከ1993 ጀምሮ ለፈንጂ ማጽዳትና ለጦር መሣሪያ ማስወገድ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። የሚገርመው አሜሪካ ፈንጂን የሚከለክለውን የ1997ቱን የኦታዋ ስምምነት አልፈረመችም፤ እኛ ግን በዚያው ዓመት ፈርመን በ2004 አጽድቀናል። ጀርመን፣ ኖርዌይ፣ ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረትም ከትልልቆቹ ሰጪዎች ናቸው። ኖርዌይን ልብ በሉልኝ፤ በ2004 የተጠናቀቀውን የአገራችንን የፈንጂ ጥናት የመራው የኖርዌይ ድርጅት ነው። ወደ 1,500 የሚጠጉ የተጎዱ ማኅበረሰቦች ተመዝግበዋል፣ አብዛኞቹ ሶማሌ፣ አፋርና ትግራይ። ምድራችንን በ10 ዓመት ልናጸዳ ቃል ገብተን ነበር። በ2015 አልተሳካም፣ ወደ 2020 ተራዘመ፣ እንደገና ወደ 2025 ማብቂያ ተራዘመ። በመሐሉ ደግሞ አዲስ ጦርነት መጣ።

እንደ ነጋዴ ደግሞ አንድ ቁጥር አናደደኝ። አንድ ፀረ ሰው ፈንጂ ለመሥራት 3 ዶላር ይበቃል፣ ለማውጣት ግን ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይፈጃል ይባላል። እንዲህ ያለ ንግድ የት አለ? ሻጩ በ3 ሸጦ ይሄዳል፣ አስወጋጁ ዕድሜ ልኩን ይከፍላል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በየአገሩ ሜዳ ላይ የነበሩ አምካኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደየቤታቸው ተላኩ። በዚያው ዓመት ሊትዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ሩስያን ፈርተን ከስምምነቱ እንወጣለን አሉ። የጎረቤት ፍርሃት ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ አልፈርድባቸውም፤ ግን ነገ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብዬ አስቤያለሁ።

እስከዚህ ድረስ አስተያየቴ መልካም ነበር። ሥልጠናው ላይ ብቻ ብቆም ከአምስት አምስት እሰጥ ነበር፣ ለባርኔጣው ሩብ ቀንሼ።

ከሥልጠናው በኋላ አምስት ወር ግድም ሆኖታል። ማክሰኞ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ሁልጊዜ የሚመጣልኝ አንድ ቆራሌ አለ፣ ገና ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ጆንያውን እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ከጭነት መኪና ላይ የገዛው ብረት ነው፤ መኪናው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፣ እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። ጆንያውን መሬት አስነክቶ አፉን ፈታና ታቹን ይዞ ሊዘረግፍ ሲል በጆንያው አፍ በኩል ክንፉን አየሁት። አራት ይሁን ስድስት አልቆጠርኩም። ክንፍ ነው። ያ ሰውዬ ያነሳው ክንፍ።

«አትዘርግፈው!»

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፣ የማይጮኸው ውሻ ጮኸ። ልጁ ባለበት ደረቀ። ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ አታጋድመው፣ እንደቆመ ተወውና ወደኔ ና አልኩት። ጆንያው እንደቆመ ቀረ፣ ከመኪና ራዲያተር ጋር ተደግፎ፣ ግቢው መሐል። ሁለቱን ሠራተኞች አስወጣሁ፣ ልጁን አስወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። በር ላይ ቡና የሚያፈሉትን እትዬን «ይነሱ» ስላቸው ጀበናቸውን ከእሳቱ አንስተው፣ ረከቦታቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው፣ ለምን ሳይሉ መንገዱን ተሻገሩ። ደንበኞቻቸው ስኒያቸውን እንደያዙ ተከተሏቸው።

ስቲከሩ ሚዛኑ ላይ ነው፣ ሚዛኑ ግቢ ውስጥ ነው። እሱን እንኳን አላሰብንም ነበር። ደግነቱ ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። ሦስተኛው ላይ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» አለችኝ። ለቀበሌዋ ልጅ ደወልኩ። እሷ አነሳች፣ እግዜር ይስጣት። «ፕሮጀክቱ እኮ አልቋል ጋሼ፣ ለሥልጠናው ብቻ ነው የነበረው» አለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር እትዬ ሰምተው «ቦምቡስ የሚያልቀው መቼ ነው በላት» አሉኝ።

ፖሊስ ጠራች። መጡ፣ ከሩቅ አዩ፣ አንድ ልጅ በር ላይ አቆሙና ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይገባ አሉ። ትክክል ነው፣ በነሱ አልፈርድም። ባለሙያው የመጣው ዓርብ ነው። ሦስት ሌሊት በር ላይ ከፖሊሱ ልጅ ጋር ተራ በተራ ተቀምጠናል፤ ካቲካላ ነገር ብንፈልግም እሱ ሥራ ላይ ነኝ አለ። ረቡዕ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት መኪና መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዎች ገቡ፣ ጆንያውን አሸዋ በሞላ ሳጥን ይዘውት ሄዱ። ምን እንደነበር፣ ሕይወት ይኑረው አይኑረው፣ አልነገሩኝም። እኔም ለመጠየቅ አፌ አልተፈታም።

በኋላ ያን አሠልጣኝ በሰው በሰው አግኝቼ ደወልኩለት፣ እሱ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ልቤን ያሳረፈው እሱ ነው። ጽዳቱ የሚቆጠረው በካሬ ሜትር ነው አለኝ። ሰጪው አገር ምን ያህል ካሬ ሜትር መሬት ጸዳ ብሎ ይጠይቃል፣ ሪፖርቱ ላይ የሚገባው እሱ ነው። ሥልጠና ደግሞ በሰው ቁጥር ነው፤ እኛ አርባ ምናምን ሰዎች ሆነን ገብተናል ማለት ነው፣ በፎቶ ጭምር። «ያንተ ጆንያ ግን ስንት ካሬ ሜትር ነው?» አለና ሳቀ። ስለዚህ ነው አገሩን ያልጠራሁት። ገንዘቡን ሰጥቷል፤ የማላውቀው ሰው ከግብሩ ቀንሶልኝ ነው ያን ቀን «አትዘርግፈው» ለማለት የበቃሁት፣ ይህን አልክድም። ስልኩን ያላነሳው እሱ አይደለም። ግን «አሳውቅ» ብሎ ሲያትም ማን እንደሚሰማ አብሮ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። በፕሮጀክቱ ዕድሜ ልክ የተቆረጠ ስልክ ቁጥር ስቲከር ላይ አይለጠፍም፣ ይልቅ የፖሊስን ቁጥር አትሙልን፣ እሱ ቢያንስ አያልቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሥልጠናው ላይ ያልተነገረ። ልጁ ገንዘቡን ጠየቀኝ። ጆንያውን በራሱ ብር ነው የገዛው፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ግድም ይሆናል፣ ተወሰደበት። ብከፍለው ቦምብ የሚገዛ ሰው ሆንኩ ማለት ነው፤ ሥልጠናው ላይ በፍጹም እንዳትከፍሉ ብለውናል፣ ምክንያቱም ከከፈላችሁ ፈልገው ያመጡላችኋል። ባልከፍለው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ክንፉን በመዶሻ አንኳኩቶ አውልቆ ወደማይጠይቀው ነጋዴ ይወስደዋል። ሁለቱንም እያየሁ ሁለት ቀን አደርኩ። መጨረሻ ላይ የሌላውን ብረት ሒሳብ በግምት ከፈልኩት፣ ለክንፉ ዜሮ። ፊቱን አጠቆረ። «ሌላ ጊዜ ከሩቅ ጥራኝ፣ አብረን እናያለን፣ ደህና ብረት ከሆነ እከፍልሃለሁ» አልኩት። አንድ ሰው ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ቢመድብ፣ በኪሎ ሳይሆን ያገኘውን ነገር ሳይነካ ላሳወቀ ልጅ ለጠፋበት ቀን፣ ከኮፍያው ይሻል ነበር።

ውጤት ልስጥ፦ ሥልጠናው አራት ከሦስት ሩብ፣ ሰውዬው ከአምስት አሥር፣ ኮፍያው አንድ፣ ስልኩ ዜሮ።

ባለፈው ሰኞ ልጁ መጣ። ግቢ አልገባም። ጆንያውን መንገዱ ማዶ ከእትዬ ረከቦት ራቅ አድርጎ አስቀምጦ፣ እሱ ደግሞ ከጆንያው ራቅ ብሎ ቆሞ «ጋሼ! ኑና እዩልኝ፣ እኔ አልነካውም!» ብሎ ጮኸ። ሄጄ ከሩቅ ዞርኩት፣ ጎንበስ አልኩ፣ መነጽሬን አደረግሁ። የውኃ ፓምፕ ነበር። ናስ አለው። በኪሎ ከፈልኩት።